በሁለት መዝገብ የተጻፈ አንድ ልጅ

ከሁለት ወገን መወለድ ትልቅ ሀብት ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ታዲያ ከአንድ ወገን የተወለዱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ባህል፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት የመስቀል ድግስ እያሉ ይቆጥሩልሃል። እውነት ነው፣ ድግሱ ሁለት ነው። በሁለቱም ቤት እንግዳ መሆን እንደሚቻል ግን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

አባቴ ሆሳዕና ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ጉራጌ ነበር፤ እናቴ ደግሞ የሌሞ ሀዲያ። መስከረም ሲመጣ በአባቴ ወገኖች ቤት ክትፎው በኮባ ይቀርብና ገና እጄን ስሰድ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ደስታ "ለሀዲያው ልጅ ሚጥሚጣ ቀንሱለት" ይላል። በማግስቱ በፈረስ ጋሪ ሌሞ እሄዳለሁ። እዚያም ቡላው በቅቤና በወተት በስሎ አታካና የሚሉት ምግብ ሲወጣ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ላቾሬ "ጉራጌው መጣ፣ ቅቤውን ሳይመዝንብን እንብላ" ይላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ አፌን ሞልቼ ምን ልመልስ? ግን ይከፋኝ ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ። አንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ "የኛ ነው" ቢለኝ እያልኩ እመኝ ነበር።

አብዮቱ መጣና መሬት ለአራሹ ሆነ። መሬቱ የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ስለነበር፣ የእናቴ አባት በገበሬ ማህበሩ መዝገብ ልጆቻቸውን ሲያስቆጥሩ እኔንም "ዴታሞ" ብለው ጨመሩኝ። በከተማው ቀበሌ መዝገብ ግን ተክሌ ነኝ። በልጅ ልጅ ስም ትንሽ መሬት ቢጨመር ማን ይጎዳል ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። በዚያ መሬት ላይ የተተከለውን እንሰት እኔም በልቼዋለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣው ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ለቀበሌው ኮታ፣ ለገበሬ ማህበሩም ኮታ ወረደ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሊቃነ መናብርት ደጃችን ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ተክሌን ሊወስድ፣ ሌላው ዴታሞን። ዘመዶቼም በሁለት ወገን ተከትለዋቸው መጥተዋል። ነገሩ ቀላል ነው። በከተማው ኮታ ከተቆጠርኩ የጋሽ ደስታ ልጅ ይተርፋል፤ በሌሞ ኮታ ከተቆጠርኩ የአጎቴ ላቾሬ ልጅ ይተርፋል።

"ደማችን ነው፣ ጓድ" አለ ጋሽ ደስታ ትከሻዬን አቅፎ። "አባቱ የኛ፣ እሱም የኛ።"

"በኛ ቅቤ ነው ያደገው" አለ አጎቴ ላቾሬ ሌላውን ትከሻዬን ይዞ። "ቋንቋችንን እንደኛ ነው የሚናገረው። የኛ ልጅ ነው።"

ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል በአንድ ጠዋት ከሁለት ወገን ወረደልኝ። እንዲህ እንደምወደድ ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እዘምት ነበር።

ይሄኔ እናቴ ከቤት ወጥታ "የኔ ነው" አለች። እሷ ግን የምትሞላው ኮታ ስላልነበራት ማንም አልሰማትም።

ሊቃነ መናብርቱ ገለል ብለው ተመካከሩና ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት ውሳኔ ይዘው ተመለሱ። ተክሌም ዴታሞም ይዘምታሉ። ሁለት ስም ተላከ፤ መኪናው ላይ የተጫነው አንድ ሰው ነው። የአጎቶቼ ልጆች ቀሩ፣ ዘመዶቼም ስንቅ አስይዘውኝ እየመረቁ ሸኙኝ። ማሰልጠኛው ውስጥ ስም ሲጠራ ለተክሌ "አቤት" አልኩ። ለዴታሞም "አቤት" ብል አስር አለቃው የሚያደርገኝን ስለማውቅ ዝም አልኩ። ዴታሞ ከዳተኛ ተባለ።

ከወራት በኋላ ከዳተኛውን ፈልጋችሁ አምጡ የተባሉ ታጣቂዎች እናቴ ዘንድ ሄደው ኖሯል። "ልጅሽን የት ደበቅሽው?" ሲሏት የትኛውን ብላ አልጠየቀችም።

"እኔም እሱን ነው የምጠብቀው" አለቻቸው። "ካገኛችሁት አምጡልኝ።"