የአስካለ ጦስኝ

ደግ ጎረቤት ያለው ሰው ከቤቱ ሲወጣ አጥሩን ጠበቅ አድርጎ ይዝጋ። ሌባ ፈርቼ አይደለም። ቆይ ላውጋችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ሱሉልታ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ አስካለ አበባ መውደዷ ለጉድ ነበር። ውሃው ግን ከወንዝ በእንስራ ነው የሚመጣው፤ ለሰው ያልበቃውን ለጽጌረዳ ማን ያጠጣል? በጋ በመጣ ቁጥር ይደርቅባት ነበር። በመጨረሻ ከተራራው ጦስኝ ከነሥሩ እያመጣች ደጃፉን በሙሉ ተከለችው። ጦስኝን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከመሬት ከፍ አይልም፣ ውሃ አጠጡኝ ብሎ አያስቸግርም። ሲያብብ ግቢያችን ሐምራዊ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ተተክሎ መሆኑ አልገባቸውም። ሰው እንዴት የበግ ግጦሽ ደጁ ላይ ይተክላል?

ከዚያ አስካለ ሳል ጠንቶባት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛች። ስትሄድ ምን አደራ አለችኝ? ልጆቹን እንዳይመስላችሁ። ጦስኜን አደራ አለችኝ። ትንሽ ተቀየምኩ። ግን ሳትመለስ ብትቀርስ እያልኩ እፈራ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ያን ጦስኝ ሳየው እሷን ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ድና ልትወጣ ነው ተባለና ላመጣት ሄድኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ይህን ሲሰሙ ሰፈሩን ሰበሰቡ። ሚስቱ ታማበት የመምህሩ ደጅ ዱር ሆኗል፣ ልጅቷ ከሞት ተርፋ መጥታ ዱር ትይ ወይ? አሉ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ደቦ ወጣ።

ስንመለስ ደጃፉ እንደ አውድማ ተመንጥሯል። ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቀናል።

"ባጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን በደህና መጣሽ፣ እንኳን እግዜር ማረሽ!" አሉ ኦቦ ገመቹ። "አየሽ ልጄ፣ አንድ ሥር አልቀረም!"

አስካለ መሬቱን አየች፣ እኔን አየች፣ የሰዉን ላብ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር አለች። ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

በማግስቱ ጠያቂው ይጎርፍ ጀመር። ባዶ እጁን የመጣ የለም። የኦቦ ገመቹ ሚስት እቅፍ ሙሉ ጦስኝ ይዘው መጡ፤ በሻይ አፍልተሽ ጠጪው፣ ለሳል ፍቱን ነው አሏት። ሌላዋም ይዛ የመጣችው ጦስኝ። ቀጣይዋም ጦስኝ። ከየት አገኛችሁት ብዬ አልጠየቅኩም።

አስካለ ሳቋን እያፈነች ጠጣችው። እየዋለ እያደረ የቀረው ሳልም ለቀቃት፣ የፊቷ ወዝም ተመለሰ። ኦቦ ገመቹ ይህን አይተው መድኃኒቱ ተስማማሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

"እንዴታ አባቴ! እኔ ሞኟ ዝም ብዬ ሳየው ነበር የኖርኩት" አለቻቸው።

ደስ አላቸውና ለከርሞም ደቦ ሊወጡላት ቃል ገቡላት።