አክስቴን የዘጋው ሚድልዌሬ

የቆማችሁ ተቀመጡ። የተቀመጣችሁ ግድግዳ ተደገፉ።

ዛሬ በሰው ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ በፕሮጀክተር ተዋረድኩ!

ይሄን የምጽፈው ጅማ ውስጥ፣ ከደዶ ወረድ ብሎ ኤሱማ ቤት በረንዳ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ኤሱማ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እኛ ጋ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። ጫማዬ ጭቃ፣ ቀሚሴ ጭቃ። ደክሞኛል። ወላሂ ለማልቀስም ጉልበት የለኝም።

በቃ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምሠራው ሚድልዌር ነው። ምንድነው እሱ እንዳትሉኝ፣ እናቴም እስከዛሬ ትጠይቀኛለች። እዚያ ማዶ ኢንተርኔት ላይ ይዘንባል አይዘንብም ብሎ የሚናገር ዌብ ሰርቪስ አለ። እዚህ ማዶ የገበሬው ስልክ አለ። መሃል ላይ ደግሞ ጣጣ ብቻ ነው። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሰርቪሱ ያኮርፋል፣ ሲያሻው የመልሱን መልክ ሳይነግራችሁ ይቀይራል።

ሚድልዌሩ ያንን ጣጣ ሁሉ መሃል ቆሞ ይችላል። አንዱ ሰርቪስ ዝም ካለው ሌላውን ይጠይቃል። የመልሱ መልክ ከተቀየረ ይላመደዋል። ገበሬው ጋ የሚደርሰው አንድ አጭር ቴክስት ብቻ ነው።

ሁሉም ዝም ካሉትስ? መጨረሻ የሰማውን መልስ ይደግማል። ገበሬ ባዶውን አይቀርም!

ስላይዴ ላይ በትልቁ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ? «መልስ አጥቶ አያውቅም!»

አዎ፣ ከነቃለ አጋኖው።

አሁን የኤሱማን ቡና ላስተዋውቃችሁ፣ የዛሬው ጉድ በሱ ላይ ነው የደረሰው።

በየዓመቱ የኤሱማ ቡና ከሰፈሩ ቡና ጋር ተደባልቆ ነው የሚሸጠው። ጣፈጠም አልጣፈጠም ማንም የሳቸው መሆኑን አያውቅም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ በስማቸው፣ ቀማሾች ፊት ሊቀርብ ነው። ናሙና የሚወስዱት ሰዎች ሰሞኑን ይመጣሉ። ኤሱማ ቀይ ቀዩን ብቻ አስለቅመው፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው፣ እንደ ልጅ ሲጠብቁት ከርመዋል። ሊደርቅ ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ሰዓት ዝናብ ከነካው ይሻግታል። የሻገተ ቡና ደግሞ ቀማሽ አፍ ውስጥ ገብቶ አይደበቅም።

ድሮ ኤሱማ ዝናብ መምጣቱን የሚያውቁት በምን ነበር? በሚስኮል!

አክስቴ ነፊሳ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ላይ ደዶ ከተማ ነው የምትኖረው። ዝናቡ መጀመሪያ እሷ ጋ ይጀምርና ቁልቁል ወደ ኤሱማ ይወርዳል። ጠብ ሲል ስልካቸውን አስጠርታ ትዘጋለች። ኤሱማ ያን ጊዜ ስልኩን አያነሱም። ሮጠው ቡናውን ሸራ ያለብሳሉ። ሒሳብ አይቆጥር፣ ማብራሪያ አይፈልግ፣ ዓመታት ሠርቷል።

እኔ ምን አልኩ? ይሄ ነገር መዘመን አለበት አልኩ። ማን ጠየቀሽ በሉኝ!

አክስቴን ከሲስተሙ ጋር አገናኘኋት። «ከእንግዲህ ለኤሱማ አትደውይ። ለዚህ ቁጥር ደውይ። ማሽን ያነሳል፣ ዝናብ ከጀመረ አንድን ይጫኑ ይልሻል፣ ትጫኛለሽ፣ ለኤሱማ ቴክስት ይሄዳል» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሽማግሌ ለመሸኘት እንደሚባለው ሁሉ፣ ለአፏ እሺ አለች።

በራሴ ስልክ ሞከርኩት። አንድን ተጫንኩ፣ ሠራ። በሷ ስልክ መሞከር ትዝ አላለኝም።

አንድ ሌላ ብልጠትም ጨምሬበታለሁ። ጀምሮ የሚያቋርጥ፣ ደግሞ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰርቪስ ካለ ታሟል ማለት ነው። ሌላውን እንዳይረብሽ ሚድልዌሩ እስኪሻለው ድረስ በሩን ይዘጋበታል። ሙያው እንደዛ ነው የሚለው፣ እኔ አልፈጠርኩትም።

እስቲ ጅማ ያደጋችሁ ንገሩኝ። በኛ አገር ጀምሮ የሚያቋርጥ ማነው?

አክስቴ ነፊሳ በሚስኮል የሚያልቅን ነገር በጥሪ ጨርሳው አታውቅም! ማሽን ሲያነሳላትማ ባሰ። ሒሳቤን ሊበላው ነው ብላ «ዝናብ ከጀ...» ሲል ጆሮው ላይ ትዘጋዋለች።

እኔም በሚስኮል ያደግኩ ልጅ ነኝ እኮ! እናቴ ለምሳ የምትጠራኝ በሚስኮል ነበር። እንዴት ይረሳል ይሄ?

ወደ ዛሬ ልምጣ።

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ። የኮሌጅ መምህራን አሉ፣ ከየክፍለ አገሩ የመጡ ተማሪዎች አሉ፣ ከአጋሮና ከሌሎቹ የቡና ከተሞች የመጡ የገበሬ ማኅበር ሰዎች አሉ። ከወደዱት በየአካባቢያቸው ሊያስገቡት ነው። ቀሚሴ አዲስ ነው። (ነበር።)

ልገባ ስል ኤሱማ ደወሉ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰማዩ ጠቁሯል። ስልኩ ግን ፀሐይ ነው ይላል። ማንን ልመን?»

«ስልኩን!» አልኩ።

ያ ረቢ። ሰማዩ እዚያው ፊታቸው ተዘርግቶ!

«እንደውም በኋላ እንግዶቹ እንዲሰሙዎት እደውላለሁ። ከቤት እንዳይርቁ፣ ኔትወርኩ እዚያ ነው የሚይዘው። እስክንጨርስ ስልኩን እንዳይዘጉት» ብዬ ጨመርኩበት።

«ሃዬ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። በኔ ቃል ተማምነው ቡና የሚያገላብጡትን ሴቶች ጎረቤት ለቅሶ ይድረሱ ብለው አሰናበቷቸው።

ንግግሬን ጀመርኩ። ግሩም ነበርኩ፣ ራሴን አላማም። ስለ አስተማማኝነት አወራሁ፣ ስለ መላመድ አወራሁ። መሃል ላይ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ ነፊሳ ናት። ዘጋሁባት። ደገመች። ዘጋሁባት። ሥራ ላይ መሆኔን እያወቀች ምን ሆና ነው እያልኩ በሆዴ ተናደድኩባት!

ሚድልዌሩ እንኳ ከኔ ይሻላል፣ ትንሽ ታግሷት ነው የዘጋት።

ከዚያ ትልቋ ሰዓት ደረሰች። ለኤሱማ ደወልኩና ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁት።

«ኤሱማ፣ እንዴት ዋሉ? እንግዶች እየሰሙዎት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው! እንግዶቹ እንዴት ናቸው? ምሳ በሉ?»

አዳራሹ በፍቅር ሳቀ። እኔም ኮራሁ።

«የዛሬው መልእክት ደረሰዎት?»

«ደርሷል። ዝናብ የለም ይላል።»

«ታዲያ እንዴት ነው እዚያ?»

ከመልሳቸው በፊት ከጀርባቸው አንድ ድምፅ መጣ። ሽሽሽሽሽ የሚል፣ ከባድ፣ የማያቋርጥ።

«ፀሐይ ነው» አሉ ኤሱማ።

መነጽር ያደረጉ አንድ መምህር ጆሯቸውን አቀኑ። «ያ የሚያንሿሿው ምንድነው?»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ እኔ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው» አሉ ኤሱማ ከዚያ ማዶ፣ ሳይጠየቁ።

ያን ጊዜ ነጎድጓዱ መጣ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ተንቀጠቀጠ።

«ኔትወርኩ ግን ይጮሃል!» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ዞሬ ፕሮጀክተሩን አየሁት። «ፀሐይ» ይላል፣ አረንጓዴ። ለካ ሰርቪሶቹ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው ነበር። ሚድልዌሩ የትናንቱን መልስ ሳይሰለች ሲደግም ነው የዋለው። ታማኝ አገልጋይ! ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ አንዲት ቀይ መስመር አለች፦ «ደዶ፦ ታሟል፣ ተዘግቷል።»

«ይቺ ቀይዋስ ማናት?» አሉ እኚያው መምህር።

ምን ልበል?

«አክስቴ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ ልገልጽላችሁ አልችልም። አንዲት ተማሪ ጠረጴዛ ስር ገብታ ነው የጨረሰችው። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ቡናው ትዝ ብሎኛል።

«ኤሱማ! ይዝጉት! ስልኩን ይተዉትና ቡናውን ይሸፍኑ!» ብዬ ጮህኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እንግዶቹ ጨረሱ?»

ያ ኋላ ያለው ተማሪ እንኳ ሳቁን ዋጠ። ሰውዬው ስልክ ይዘው በር ላይ ቆመው፣ የዓመት ልፋታቸው ዓይናቸው እያየ ሲረጥብ ፀሐይ ነው ሲሉኝ ነበር። እኔ በእንግዳ ፊት እንዳላፍር።

ላፕቶፔን እንኳ በደንብ ሳልዘጋ ወጣሁ። ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ጭቃ። መንገዱን ሁሉ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ሰዎች ስለ ኳስ ሲከራከሩ ነበር። አንዳቸውም አላውቅም አላሉም፣ ታዝቤያለሁ።

ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። አልጋዎቹ ላይ ሸራ አለ፣ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። አክስቴ ነፊሳ ከላይ ከደዶ ሞተር ተኮናትራ ወርዳ ከኤሱማ ጋር እየተንሸራተቱ ነው የሸፈኑት። ለጥሪ ሒሳብ የምትሳሳ ሴት ሞተር ተኮናትራ!

ሻሿን እየጨመቀች አየችኝ።

«ደወልኩ። ማሽንሽ ዘጋብኝ። አንቺ ጋ ደወልኩ። አንቺም ዘጋሽብኝ።»

«አክስቴ፣ አፉ በይኝ» አልኩ።

«ጫማሽን አውልቂና ነይ አገላብጪ» አለች። እንደዛ ነው ይቅርታዋ።

እርጥቡን ከደረቁ እየለየን ስናገላብጥ ዋልን። ከላይ ያለው ርሷል። ከሥሩ ያለው አንዳንዱ ደህና ይመስላል፣ አንዳንዱ አይመስልም። ኤሱማ አንዲት ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሞከሯት፣ አሸተቷት፣ መልሰው አስቀመጧት።

«ኤሱማ፣ ይተርፋል?» አልኳቸው።

ሁሌ አልሐምዱሊላህ የሚሉ፣ ሁሌ ሰላም ነው የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን ግን ቡናውን እያዩ ቆዩ።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «ማል ጎና። ምን እናደርጋለን።»

ከጠዋት ጀምሮ ከሁላችን የወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ይሄ ነው። ሚድልዌሩ ፀሐይ ነው አለ። እኔ ስልኩን ይመኑ አልኩ። ኤሱማም ለኔ ሲሉ ፀሐይ ነው አሉ። ሁላችንም መልስ አጥተን አናውቅም!

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የአክስቴን በር ከፈትኩላት፦ አስጠርቶ የዘጋ ማለት ዘነበ ማለት ነው፣ ማሽኑ አያንሳባት። ሁሉም ዝም ካሉ ደግሞ ለገበሬው የሚሄደውን ቀየርኩት፦ «አላውቅም። ሰማዩን ይዩ።»

ለሙከራ ወደ ኤሱማ ላክሁት። አነበቡና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ይሄኛው ሰው ሆኗል» አሉ።

ይሄን እየጻፍኩላችሁ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ናሙና የሚወስዱት ሰዎች ናቸው። ኤሱማ ቁጥሩን አይተው ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

የእህታቸው ልጅ ነኝ ስለው ሰውየው «የአጎትሽ ቡና እንዴት ነው? ደህና ነው?» አለኝ።

ምላሴ ላይ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ አይደል? አረንጓዴው! ደህና ነው፣ ችግር የለም፣ ፀሐይ ነው! አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ኤሱማን አየኋቸው፣ እርጥብ ቡና ጨብጠዋል።

«አላውቅም» አልኩት። «ዘንቦበታል። ለይተን እያደረቅነው ነው፣ መጥታችሁ እዩት።»

«ሃሎ፣ ይሰማል?» አልኩ፣ ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ።

«እሺ፣ መጥተን እናየዋለን» አለና ዘጋው።

ይመጡ ይሆን? ይጣፍጣቸው ይሆን? አላውቅም። ኤሱማም አያውቁም።

ማሽኑ ይቺን ቃል ለመማር አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው የፈጀበት። እኔ ለመማር ዲግሪ፣ ፕሮጀክተር፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰውና የኤሱማ ቡና አስፈለገኝ።

እናንተስ ወገን፣ ለመጨረሻ ጊዜ አላውቅም ያላችሁት መቼ ነው? ትዝ ካላላችሁ አላውቅም በሉ እንጂ ትናንት ነው እንዳትሉኝ።