የእሑዷ ማዳም

ያገለገለ የቅንጦት መኪና የገዛ ሰው መኪና ገዛ አይባልም፤ አሠሪ ገዛ እንጂ። አላምንም የሚል ካለ ቤሩት ይምጣና ክቡር አቶ ዘመንፈስቅዱስን ይይ። ምካሌስ ውስጥ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። መኪናቸው ጥቁር፣ ረጅም፣ የጀርመን ሥሪት ነች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ስም ራሳቸው አወጡላት፤ ማዳም አሏት።

የቤት ሠራተኛዋን ተዋበችን የሚያንገበግባት ይሄ ስም ነው። ስድስቱን ቀን ከዛልቃ ሰፈር በላይ ዳገቱ ላይ የሰው ማዳም ስታገለግል ትከርማለች። እሑድ ጠዋት "ተመስገን፣ አንድ ቀን አረፍኩ" ብላ ስትወርድ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ሌላዋ ማዳም ኮፈኗን ከፍታ ትጠብቃታለች። ክቡርነታቸውም አንገታቸውን ከውስጥ ሳያወጡ፣

"ተዋቡ፣ እስቲ ያንን ካቻቢቴ አቀብይኝ። ማዳም ዛሬ ጉሮሮዋን ይዟታል" ይላሉ።

"ጋሼ፣ አምልኮው አራት ሰዓት ነው!"

"ባሲጣ! ትንሽ ነገር ነች።"

ባሲጣ! ይህቺን የዐረብ ቃል ያስተማራቸው ሰው እጁ አይባረክ። የኋላው መስኮት ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ባሲጣ። የወንበሩ ማሞቂያ በሐምሌ ሙቀት አልጠፋም ብሎ ናዝራዊትን ይጠብሳታል፤ እሱም ባሲጣ። ናዝራዊት የተዋበች ጓደኛ ናት፤ አንድ እሑድ አዳራሹ በር ላይ ቀሚሷ ከወንበሩ ቆዳ ጋር ተጣብቆ "ሃሌ ሉያ" እያለች ስትነሳ አዳራሹ ሙሉ የመንፈስ ሥራ መስሎት አብሯት ጮኸ። ከመኪናዋ ውስጥ ደግሞ የአንዲት ሴት የተቀዳ ድምፅ በጀርመንኛ ይናገራል። ክቡርነታቸው አንዲት ቃል ጀርመንኛ ሳያውቁ ለሴቶቹ ይተረጉማሉ፦ "ቀስ በል እያለችኝ ነው፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ትወደኛለች።"

ለነፍስ ያለ ሰው ናቸው፤ ይሄ አይካድም። ሁለቱን ሴቶች ከዛልቃ ወስደው ቡርጅ ኤል ባራጅነህ፣ ጉባኤው የተከራየው አዳራሽ ድረስ ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ፤ ሳንቲም አይቀበሉም። ግን የሚያደርሱት ለመዝጊያው ጸሎት ነው! ተዋበች ዓመት ሙሉ ስትመላለስ አንድ ስብከት ከመጀመሪያው ሰምታ አታውቅም። ሰባኪው "ስለዚህ ወገኖቼ" ሲል ነው የምትገባው። በምን ምክንያት "ስለዚህ" እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ደግሞ ዕቅዳቸው! ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አላቸው፤ የማዳም የጥገና መርሐ ግብር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በመስመር ተሰምሮ ተጽፎበታል። ጥቅምት ዘይት፣ ኅዳር ካንዴላ፣ ጥር ቺንጊያ፣ ሐምሌ የበር ኪስ መብራት። በፈረንጅ ወር ይጻፉት ቢባሉ ይቆጣሉ። "እኔ የራሴ ዘመን አቆጣጠር እያለኝ በሰው ወር አልኖርም!" ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው።

የተዋበች ማዳም፣ ያቺኛዋ ሰው የሆነችው፣ ሕጓ አንድ ናት፦ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ውስጥ መገኘት። በክቡርነታቸው ምክንያት ሁለት ጊዜ ዘግይታለች፤ አንዴ ለፍሬቻው ቋቋታ፣ አንዴ ለበር ኪስ መብራት። የበር ኪስ ውስጥ ምን ሊታይ ነው መብራት የሚያስፈልገው? ሁለተኛው ቀን ማዳሟ ጣቷን ቀስራ "ሦስተኛ ጊዜ አንዲት ደቂቃ ብታሳልፊ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ እሑድ የለም" አለቻት። ለተዋበች እሑድ ከሌለ ምን አለ? እዚያ ቤት "ቲቲ" ነው የምትባለው። ተዋበች ተብላ የምትጠራው እሑድ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ሲመለሱ፣ ናዝራዊትን ታች ዛልቃ አውርደው ገና ዳገቱን ከመጀመራቸው፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ወርደው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"የራዲያተሩ ቱቦ ነው" አሉ።

"ዕቅድዎ ውስጥ የለም እንዴ?"

"አለ እንጂ! መካኒኩ ኸይረዲን በሰባተኛው ወር ሳትቀይረው እንዳትቀር ብሎኛል። ይኸው፣ ለሚመጣው መጋቢት ጽፌዋለሁ።"

ተዋበች ደብተሩን አየች፣ እሳቸውን አየች። የዓመት ብስጭቷ አንድ ላይ ግንፍል አለ።

"አንተ ሰውዬ! ኸይረዲን መቼ ነው መጋቢትን የሚያውቀው? የነሱ ሰባተኛ ወር ሐምሌ ነው! አሁን ነው! ይሄው ያለንበት!"

ጋሼንም እርስዎንም እዚያው አስፋልቱ ላይ ጣለቻቸው። ሰርቪስ ታክሲ ለማቆም እጇን አወጣች፤ ያለፈው ሁሉ ከባሕር በሚመለስ ሰው ጢም ብሏል፤ ዳገቱን የሚወጣ ደግሞ አልነበረም። ቆማ አለቀሰች። "እሑዴን በላኸው" አለችው፤ "አንተና ይቺ ቆርቆሮህ እሑዴን በላችሁት!"

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ባሲጣ አላሉም። መጠጫ ውሃቸውን ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጡና "ግቢ" አሉ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ የሞተሩን እሳት ወደ ውስጥ ይስባል አሉ። ሳበው! እግሯ ሥር ምድጃ የተለኮሰ መሰላት። ዳገቱ እኩሌታ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀይ መስመር ውስጥ ገባ። ጀርመኗ ጮኸች።

"ጋሼ፣ መርፌው! ይቁሙ፣ ሞተሩ ይቃጠላል!"

ለሲጥሲጥታ የሚቆሙ ሰውዬ፣ ለአንዲት አምፖል ግማሽ ቀን የሚያቃጥሉ ሰውዬ፣ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሱም። ላቡ በአገጫቸው ይንጠባጠባል። "ስንት ሰዓት ነው?" ብቻ አሉ።

"ለአሥራ ሁለት አራት ጉዳይ።"

በሩ ላይ ሲደርሱ ለአሥራ ሁለት ሁለት ጉዳይ ነበር። መኪናዋ ማዳም አንዴ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጸጥ አለች። ተዋበች ሮጣ ገባች፤ ማዳሟ ሰዓቷን አይታ ከንፈሯን ነከሰችና ዞር አለች። ኋላ በረንዳው ላይ ልብስ ስትሰቅል፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ፣ ቆመው አየቻቸው። እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በእንባዋ ተናደደች።

ዛሬ እሑድ ነው። ተዋበች አዳራሹ አልሄደችም። ምካሌስ፣ ማዳም ተጎትታ በመጣችበት መጋዘን ጓሮ፣ በዘይት የቆሸሸ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ታቀብላለች፤ ፊቷን አጨማድዳለች፤ አንዳንዴም "ቀና ብለው ይሥሩ፣ ወገብዎ ይሰበራል" ብላ ትጮህባቸዋለች። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ወልቆ ካርቶን ላይ ተቀምጧል፤ በሙቀቱ ጠሟል። ኸይረዲን ሲጋራውን እያጨሰ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ሳቀ፤ "ኸላስ ዘመንፈስቅዱስ፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው፣ ለብረት ለቃሚ ስጠው" አለ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ አንገታቸውን ደፉ።

ተዋበች ቁልፉን ወረወረችው። ዐረብኛው ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

"ማነው ቆርቆሮ? ሰባተኛ ወር፣ ሰባተኛ ወር እያልክ ሰው የምታሳስት፣ ወር ስም የለውም አገርህ? እኔ ልሰድባት እችላለሁ፣ እኔ ተጠብሼባታለሁ! አንተ ማን ስለሆንክ ነው?"

ኸይረዲን አንዲት ቃል አማርኛ አይሰማም። ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑ ሥር ገባ።