ሠላሳው ጠቅታና የኑርዬ ክንድ

በሐይቅ ከተማ፣ ስሟን መጥቀስ ለትሕትናዋ በማይስማማ አንዲት ክሊኒክ፣ እኔ ሽታው የጨረር ደህንነት ኃላፊ ሆኜ ስሾም ጨረር ራሱ ሳይደነግጥ አልቀረም። ሥልጠናም ወስጃለሁ፤ የመጨረሻው ቀን ግን ከምሳ አልተመለስሁም። በኋላ እንደሰማሁት የከሰዓቱ ትምህርት ስለ ማካፈል ነበር።

የተሰጠኝ መሣሪያ ጨረር ባገኘ ቁጥር ጠቅ ይላል። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ብለካ በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ጠቅ አለ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ የሚፈቅደው የጨረር መጠን ዜሮ ነጥብ አምስት ብቻ ነው። ወዲያው የወገንን ጤና ከአደጋ በመታደግ ክፍሉን በማኅተሜ አሸግሁ።

በሩ ላይ ኑርዬ የሚባል የአምባሰል ገበሬ ቀኝ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ከበቅሎ ወድቆ ነው።

«ጌታው፣ ተሰብሮ እንደሁ ብቻ እዩልኝ። ጤፉ ደርሶ ቆሟል፤ በአንድ እጅ አይታጨድ ነገር!»

«የምከለክልህ ስለማዝንልህ ነው» አልሁት። እውነትም አዝኜለት ነበር።

የራጅ ባለሙያዋ ሰሚሃ መጣች። «ጋሼ ሽታው፣ ጠቅታው እኮ ብቻውን መጠን አይሆንም። ለመቶ ሃምሳ ይካፈላል፤ መሣሪያው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ደግሞ ራጁ ገና አልበራም!»

«ሳይበራ እንዲህ ከሆነ፣ ሲበራማ!»

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዝናው ጠባችንን ሰምተው ደነገጡ። በወሎ ምድር ሰው ተጣልቶ አያድርም፤ ሽማግሌ ተጠራ። አንዱ ሼኽ፣ አንዱ ቄስ፣ ሁለቱም የተከበሩ፣ ግራ ቀኙን ሰምተው በየኑ፦ «እሷ ካለችው ትውረድ፣ እሱም ትንሽ ይልቀቅ። ለሁለት ይካፈልና ይቅር ተባባሉ።»

ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቅን። ሠላሳ ለሁለት ዐሥራ አምስት፤ አሁንም ከሚፈቀደው በላይ። ክፍሉ በፍጹም ሰላም እንደታሸገ ቀረ።

ደስ ብሎኝ መሣሪያውን ወደ ቢሮዬ ወሰድሁት። ጠረጴዛዬ ላይም በደቂቃ ሠላሳ ጠቅ አለ። ጨረሩ ተከተለኝ ብዬ ስሮጥ ከደረጃው ተንከባለልሁ። ቀኝ ክንዴ ቀጭ አለ።

ሕመም ጥሩ አስተማሪ ነው። ያመለጠኝ ትምህርት መሬት ላይ እንደተጋደምሁ ገባኝ፦ ሠላሳ ለመቶ ሃምሳ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ከአፈርና ከሰማይ ለሁሉም የሚደርስ፣ ምንም የማያደርግ ጨረር።

«ክፍሉን ክፈቱት!» ብዬ ጮኽሁ።

አቶ ዝናው በሐዘን አዩኝ። «የሽማግሌ ፍርድ አንተው ልታፈርስ? ይሁን፤ እሽጉ የሚነሣው ግን በፊርማህ ነው።»

ለመፈረም ቀኝ እጄን ላነሣ ብል አልነሣ አለኝ።

«ተነሥ ወንድሜ፣» አለ ኑርዬ በግራ እጁ እየደገፈኝ፤ «ውጫሌ ወጌሻ አለ። እሱ ሳያካፍልም ይገጥማል።»

ወደ ውጫሌ ስንሄድ ከሚኒባሱ መስኮት ጤፉን አሳየኝ። ቢጫ ሆኖ፣ ጎንበስ ብሎ አጫጅ ይጠብቃል። በጣም አፈርሁ።

«ያንተም ግራ፣ የኔም ግራ ደህና ነው» አለኝ። «አንተ ጨብጠህ ትይዝልኛለህ፣ እኔ አጭዳለሁ።»

ይህን ሒሳብ ያለ ሽማግሌ ተቀበልሁት።