ሆሊስ ክሮሊ ስለ ብሉቤሪ የማያውቁት ነገር

ድልድይ ይፈርሳል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ቄስ ይቀየራል፤ ያልጠየቁትን የሚመልስ ጎረቤት ግን የትም አይሄድም። በየመንደሩ አንድ አለ፤ ክርኑን አጥር ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ለእኛ መንደር የደረሱን ክቡር ሆሊስ ክሮሊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ጀልባቸውን የሸጡ ዕለት የብሉቤሪ ሊቅ ሆኑ። ማን እንደሾማቸው እስካሁን አልታወቀም።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን…» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከ«ግን» በኋላ ያለው ምሳ ያስረሳል።

እዚህ ሜይን በተባለው የባሕር ጠረፍ ላይ ብሉቤሪ የሚተክል ሰው የለም። ሜዳው ራሱ ብሉቤሪ ነው፤ ይህችን ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ነሐሴ ሲመጣ ጥርስ ባለው ማፈሻ እያፈስን እንለቅማለን። እኔ ሦስት ችግኞች በሸክላ መትከያ በረንዳ ላይ ደርድሬ ሲያዩ ክቡርነታቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

«ኤመሪ! ባሕሩ አጠገብህ እያለ ዓሣ በባልዲ ታረባለህ እንዴ?»

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። የባለቤቴ የሎሬታ እናት ደጃፍ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብሉቤሪ ዛፍ ነበር። እናትየው ካረፉ በኋላ መንገድ ሲሰፋ ቤቱም ዛፉም ለዶዘር ሆነ። ሎሬታ ቀደም ብላ ቅርንጫፎች ቆርጣ ለማጽደቅ ብዙ ሞከረች፤ የጸደቁት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከእናቷ ቤት የተረፈ ሌላ ነገር የለም።

ሎሬታ ሥራ ስትውል ጠባቂው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን የውኃ ጎማዬን ስቤ ከቧንቧ ሳጠጣ ከአጥር ወዲያ ጩኸት ሰማሁ።

«የቧንቧ ውኃ? ልትገድላቸው ነው? የዝናብ ውኃ ነው እንጂ!»

በርሜል ገዝቼ ዝናብ አጠራቀምኩ። በማግስቱ መጡ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ብሉቤሪ ውኃ ይወዳል። እግሩ ሲርስ ግን አይወድም።»

«ታዲያ ውኃውን የት ላድርገው?»

«ተክሉ ላይ ነዋ!»

ሌላ ቀን ደግሞ አፈሩ መኮምጠጥ አለበት አሉኝ። ታዛዥ ነኝና ኮምጣጤ ይዤ ወጣሁ። ራሳቸውን ያዙ። «ሰላጣ ልትሠራ ነው እንዴ አንተ ሰው?» ብለው ሄደው አንድ ጆንያ የጥድ ቅጠል አመጡና ራሳቸው በየግንዱ ሥር አለበሱት። ጥዱ ከኮምጣጤው በምን እንደሚሻል ብጠይቃቸው አስረዱኝ፤ ሲጨርሱ ከበፊቱ ይበልጥ ግራ ገባኝ።

በግንቦት ነጫጭ አበቦች ወጡ። ሎሬታን ጠርቼ ጎን ለጎን ቆመን ስናደንቅ፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው አበባውን በሁለት ጣታቸው እየቀነጠሱ ጨረሱት። አንድ እንኳ አላስቀሩም! ልጮህ አፌን ስከፍት «በልጅነቱ ካፈራ ይደክማል። መጀመሪያ ሥር ይስደድ» አሉ። እንድታግዘኝ ወደ ሎሬታ ዞርኩ። «እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር» ብላ አረፈችው።

በጥቅምት የሎሬታ እህት ዳሌዋ ተሰበረና ሎሬታ ልታስታምማት ወደ ባንጎር ከተማ ሄደች። መኪናዋን ካስነሳች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ኤመሪ፣ አደራ» አለችኝ። ስለ እኔ አልነበረም፤ ዓይኗ በረንዳው ላይ ነበር።

አደራ ሲከብደኝ በገዛ እግሬ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«የበረዶውን ክረምት ምን ላድርጋቸው?»

«ብሉቤሪ ካልበረደው አያፈራም። መተኛት አለበት።»

«እሺ፣ ውጭ ልተዋቸው።»

«አብደሃል? መትከያ ውስጥ ሥሩ በረዶ ሆኖ ይሞታል!»

«ታዲያ ቤት ላስገባቸው?»

«ከሞቀው ይነቃል፤ ያለጊዜው ከነቃ ይሞታል!»

«ኧረ በፈጣሪ! የት ነው ታዲያ የሚኖረው?»

«የሚበርድ፣ ግን በረዶ የማይሠራበት ቦታ» አሉ፣ እንደዚያ ያለ ቦታ በየሱቁ የሚሸጥ ይመስል።

ጓሮ ባለው የጀልባ ማስቀመጫዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ጥር ላይ ንፋሱ ጣሪያ ሊነቅል ሲደርስ ግን አንጀቴ አልቻለም፤ አምጥቼ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። እነሱም አላሳፈሩኝም፤ ውጭው በረዶ በበረዶ ሆኖ ሳለ ለምለም ቅጠል አቆጠቆጡ! ደረቴን ነፍቼ ሆሊስን ጠራኋቸው። ገብተው አዩና ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን አደረግክ! አሁኑኑ አውጣቸው!»

አወጣኋቸው። ያን ዕለት ውርጭ ወረደ። ሲነጋ ያ ሁሉ ቅጠል እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሦስት ደረቅ እንጨት ነው።

ሎሬታ በሚያዝያ ልትመለስ ሆነ። ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር የምላትን አጠናሁ፦ «ሆሊስ አውጣ ብለውኝ ነው።» ውሸት የለበትም። የወጥ ቤቱን ነገር ካልጠየቀችኝ ምን ልናገር ብዬ?

መኪናዋ ደርሶ በሩ ሲከፈት፣ ክቡርነታቸው አጥሩ ላይ አልነበሩም። በዋናው በር ገብተው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ሎሬታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በዚያ ውርጭ አውጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ ብርዱን ማለማመድ ያስፈልግ ነበር፤ አላሰብኩትም። ኤመሪን እንዳትቆጪው።»

አላሰብኩትም! ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጠረፍ የለም። ያጠናሁትን ሁሉ ተውኩት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። «ምድጃ አጠገብ ያሞቅኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

ሎሬታ አንዳችንንም አላየችን። ተንበርክካ የመጀመሪያውን ግንድ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ደርቋል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ከአፈሩ ጠጋ ብላ ስትፍቀው ቀጭን አረንጓዴ ታየ። እጇን አላነሳችም።

«በሕይወት አለች» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። «አልሞተችም።»

መትከያውን አቅፋ፣ ሁለታችንንም እዚያው ትታን ወደ ጓሮ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሆሊስ ከአጥሩ ጠፉ። ሲያልፉ «ደህና ዋላችሁ» ብለው መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ። ስንት ዘመን የለመንኩት ጸጥታ ይኸው መጣ፤ ምነው ታዲያ እንዲህ ከበደኝ? ችግኟ ቅጠል አወጣች። የዝናብ ውኃዋን፣ የጥድ ቅጠሏን፣ ሁሉን አሳምሬ አደርግላታለሁ። ከማን እንደተማርኩት አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ሆሊስ፣ ግራ ገብቶኛል። ችግኟ ውኃ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የምትጠጣው?»

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማወቅ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡ። «ተቀመጥ እስቲ» አሉኝና እራት እስኪቀርብ ድረስ አስረዱኝ። አንዱ ቃል ከሌላው ጋር አልገጠመም፤ እኔም እንዳያቆሙ ደግሜ ጠየቅኳቸው።