ሮቢት ላይ ምርቃት

ባህል ወዳድ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ካሜራ ካልከፈተ ምንም የማይታየውን ዓይነት ማለቴ ነው። እኔን አንድ ሚኒባስ ሙሉ አጋጥሞኛል። ከአዲስ አበባ ስንነሳ አስጎብኚያችን የሁለተኛውን ቀን ፕሮግራም አነበበልን፦ ጎብዬ ምሳ፣ ሮቢት ምርቃት፣ ቆቦ አዳር። ምርቃቱ እንደ ምሳው ከጉዞው ዋጋ ጋር ተጠቃሏል። ፈጣሪስ ሰዓቱ ተነግሮት ይሆን?

ሮቢት ስንደርስ አባባ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከማሽላ ማሳቸው ዳር፣ ግራር ሥር ቆመው ጠበቁን። እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«አላህ መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ!»

ዝም።

«ከክፉ ይሰውራችሁ!»

አሁንም ዝም። ሁላችንም ስልካችንን ደግነን፣ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆመናል። ድምፁ እንዳይበላሽ ነዋ!

አባባ ሰይድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አሚን በሉ እንጂ ልጆቼ! እኔ ስመርቅ እናንተ ካልተቀበላችሁ፣ ምኑን ምርቃት ሆነ?»

«እርስዎ ብቻ ይቀጥሉ አባባ» አለ አስጎብኚው በትህትና፤ «አሚኑን አዲስ አበባ ስንመለስ በቅንብር እናስገባዋለን።»



«እንግዲያው ምርቃቱም እዚያው ይጠብቃችሁ» አሉና ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ማሽላቸው ገቡ።

ሳንመረቅ ቆቦ ገባን። ራት እስኪቀርብ ስልኬን ስከፍት፣ በሚኒባሱ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ቪዲዮውን ለቃዋለች። ከላዩ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ!»