ዳጣ የሌለበት ታሪክ

መምህር ማለት ለሰው ልጅ የሰጠውን ምክር የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ አራግፎ የሚገባ ፍጡር ነው። እኔም ከዚሁ ማኅበር ነኝ። ሶዶ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ክፍል ስገባ ደረቴን ነፍቼ፣ «ታሪክ የጉልበተኞች ወሬ ነው! እናንተ ግን ያልተጠየቁትን ጠይቁ!» እላለሁ። እንዴት እንደሚያምርብኝ! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል፤ ራሴም ተመልጧል።

ዘመን መለወጫችን ጊፋታ እንዳለፈ፣ ተማሪዎቼን ስለ በዓሉ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ሰው አነጋግራችሁ ጽፋችሁ ኑ አልኳቸው። ሱፐርቫይዘሩ ሊገመግመኝ ከኋላ በተቀመጠበት ቀን ላንብብ ብላ እጇን ያወጣችው ማን ትሁን? እዚያው ክፍል የምትማረው የገዛ ልጄ፣ ብርቱካን!

ያነጋገረችው እናቷን ነው። እኛ ዘንድ ለጊፋታ ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ልጄ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ አባቴ በሬውን እንዴት እንደጣለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርካል፤ በሬው ሲጣል ግን አጥር ጥግ ቆሞ «ያዙት! ያዙት!» ሲል ነበር። ቅቤውን ያጠራቀመችው፣ ዳጣውን የፈጨችው፣ ቆጮውን ያዘጋጀችው እናቴ ትረካው ውስጥ የለችም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩማ እንባውን ጠረገ፤ በኋላም «ተማሪ ያሳትፋል» ብሎ ጻፈልኝ።

ምን ላድርግ? ቀይ እስክሪቢቶው በእኔ እጅ አይደል? «ምንጭሽ የአንድ ወገን ብቻ ነው» ብዬ ከአሥር አምስት ሰጠኋት። ሙያዊ ውሳኔ ነው እንግዲህ፤ እኔ ቂም አላውቅም።

ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ ገዝቼ ገባሁ። ምሳ ሲቀርብ ሥጋው ሳህን ላይ ብቻውን ተጋድሟል። ቆጮ የለ፣ ቂጣ የለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳጣ የለ! ያ ከቃሪያና ከቅመም የተፈጨ ጉድ ከሌለ ጥሬ ሥጋ ምኑ ይበላል? ዳጣው የት አለ ብዬ ብጠይቅ ባለቤቴ እጇን አጣጥፋ፣ «የብርቱካን አባት፣ ሥጋውን አንተ አመጣህ፤ ታሪኩ እሱ ነው። የእኔማ ወገን አይበቃም ተባለ አይደል?» አለችኝ። ብርቱካን ኮርኒሱን ትመለከታለች።

አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ከእጇ ስበላ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ሠራሽው ብያት አላውቅም። ግን ከማፈሬም በላይ ርቦኛል። ወረቀቱን አስመጥቼ፣ አምስቱን ሰርዤ አሥር ጻፍኩ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አጣራች። ዳጣው ያኔ መጣ።

ሰኞ ለተማሪዎቼ ትንሽ ማስተካከያ አደረግሁ፦ ታሪክ የሚጽፈው እስክሪቢቶ የያዘው ነው፤ ምን እንደሚጽፍ የምትነግረው ግን ዳጣ የያዘችው ናት።